እትዬ አንጓች «በቃ» እስኪሉ

ይህ ተረት ቀበሮ የለበትም፣ ዝንጀሮም የለበትም። አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር አለችበት፤ አንዲት እናት አሉበት፤ ትንሽ ነገር ፈልጋ አገር ያዳረሰች አንዲት ልጅ አለችበት። ጠጋ በሉና ስሙ።

ልጅቷ ዘሐራ ትባላለች። መርሳ ከተማ፣ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አንዲት ኮምፒውተር ትጠብቃለች። የፈለገችውም ይህችን ኮምፒውተር በወጉ ማጥፋት ነበር፤ ሌላ ምንም። ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ይጫናል፣ ይጠፋል፣ ወደ ቤት ይኬዳል። ይህችኛዋ ግን እንዲህ በቀላሉ የምትጠፋ አልነበረችም።

ኮምፒውተሯን እዚያ ያቆማት ዳምጠው ነው። ዳምጠው ማንም ሳያስተምረው፣ ከተቀዳደዱ መጻሕፍት ለቅሞ የተማረ ልጅ ነበር፤ የተማረውን ደግሞ ለዘሐራ አስተማረ። የራሱን የፕሮግራም መጻፊያ ሠራ፤ ትእዛዙ ሁሉ በአማርኛ። ስሙንም ጎጆ አለው። ለምን ጎጆ እንደተባለ ሲያስረዳ ደስ ይለው ነበር። ኮምፒውተር ውስጥ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሉት ሁሉን አስተዳዳሪ አለ፤ እሱን እንደ ግቢ አስቡት፤ አጥር አለው፣ በር አለው። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው በዚያ ግቢ ውስጥ ቦታ ይለምንና ትንሽ ጎጆ ይቀልሳል፤ እዚያ ገብቶ ይሠራል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ይወጣል። መውጣት ቀላል ይመስላል። አይደለም። የከፈተውን ሊዘጋ፣ የያዘውን ሊለቅ፣ እሳቱን ሊያዳፍን፣ ከዚያ ወደ ግቢው ብቅ ብሎ «ወጥቻለሁ» ሊል ይገባል። ይህን ሳያደርግ ጣራው ከላዩ ከተናደ፣ ውስጥ የነበረው ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ዳምጠው ለሥራ ወደ አሶሳ ሲሄድ ጎጆን ክፍት ትቶ ሄደ። ስመለስ እዘጋዋለሁ፣ እንዳትነኪው ብሏት ነበር። አልተመለሰም። ወባ ነው አሉ፤ ትኩሳቱ ጣለው፤ አልተነሳም፤ ወዳጆቹም እዚያው ቀበሩት።

ጎጆ ውስጥ ደግሞ ድምፁ ነበረ። እናቱን እትዬ አንጓችን ማይክሮፎን ፊት አስቀምጦ ተረታቸውን ይቀዳ ነበር፤ ወንዝ የት እንደሚያልቅ ሊያይ የሄደውን ልጅ ተረት። እሳቸው ያወራሉ፣ እሱ በየመሐሉ «ከዚያስ?» ይላል። ከዚያች «ከዚያስ?» በቀር የዳምጠው ድምፅ በምድር ላይ የትም አልቀረም። እሷም ብትሆን ገና አልተቀመጠችም፤ ምክንያቱም ጎጆ የሰማውን ሁሉ በሐሳቡ ይዞ ይቆይና በወጉ ሲወጣ ብቻ ነው ፋይል ላይ የሚያሰፍረው። ይህ የዳምጠው ስንፍና ነው። አስተካክለዋለሁ፣ አስተካክለዋለሁ ሲል ነበር።

በዚህ ላይ የመብራት ሠራተኛው መጣ። ነገ ከሰዓት ትራንስፎርመር ስለሚቀየር የሰፈሩ መብራት ይጠፋል አለ። ዘሐራ ትንሽ እንዲያቆይላት ለመነችው፤ እሱም ሰፈሩ ሁሉ እየጠበቀ ለአንድ ኮምፒውተር ምሰሶ ላይ ተሰቅዬ አልውልም አላት። የኮምፒውተሯ ባትሪ ካረጀ ቆይቷል። መብራቱ ሲሄድ ጣራው ይናዳል፤ ድምፁም ይሄዳል።

ዘሐራ እንግዲህ ወንበሯን ሳበችና ግቢውን «ቆልፍ» አለችው። ግቢው አልቆልፍም አለ። ጎጆ ገና አልወጣም፤ ሰው ውስጥ ትቶ የሚቆልፍ ግቢ የት አየሽ አላት። እርግጥ ኮምፒውተር እንዲህ አይናገርም፤ ስክሪኑ ላይ የወጣችው አንዲት ደረቅ መስመር ናት፤ ትርጉሟ ግን ይኸው ነው። ከመስመሯ በታች «በግድ ይጥፋ?» የምትል ምርጫ ነበረች። ዘሐራ እጇን ሰበሰበች።

ወደ ጎጆ ሄደች። ጎጆ፣ ጎጆ፣ ውጣልኝ፤ ግቢው እንዲቆልፍ። ጎጆ አልወጣም አለ። ፋይሉ ሳይታጠፍ እንዴት እወጣለሁ፣ ጌታዬስ ምን ይለኛል አላት። ጌታህ ምንም አይልህም፣ ጌታህ እኮ ልትል አፏን ከፈተች፤ ቀሪው ቃል አልወጣላትም። ጎጆ አልወጣም አለ፤ ግቢው አልቆልፍም አለ፤ ዘሐራም ከወንበሯ ሳትነሳ ቀረች።

ወደ ፋይሉ ሄደች። ፋይሉ፣ ፋይሉ፣ ታጠፍልኝ፤ ጎጆ እንዲወጣ፣ ግቢው እንዲቆልፍ። ፋይሉ አልታጠፍም አለ። ጸሐፊው ብዕሩን ከላዬ አላነሳም፤ አሁን ብታጠፍ የተጻፈው ይጨማደዳል አላት። ጸሐፊው ማለት የሰማውን እየተቀበለ የሚያሰናዳ፣ ዳምጠው ጎጆ ውስጥ ያስቀመጠው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ፋይሉ አልታጠፍም አለ፤ ጎጆ አልወጣም አለ፤ ግቢው አልቆልፍም አለ፤ ዘሐራም ከወንበሯ ሳትነሳ ቀረች።

ወደ ጸሐፊው ሄደች። ጸሐፊው፣ ጸሐፊው፣ ብዕርህን አንሳልኝ፤ ፋይሉ እንዲታጠፍ፣ ጎጆ እንዲወጣ፣ ግቢው እንዲቆልፍ። ጸሐፊው አላነሳም አለ። እኔ የምጽፈው አድማጩ ያቀበለኝን ነው፤ እሱ ጆሮውን ሳይሰበስብ እኔ ብዕሬን አልሰበስብም አላት። ክፉ ሎሌ አይደለም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሎሌ ነው። ጸሐፊው አላነሳም አለ፤ ፋይሉ አልታጠፍም አለ፤ ጎጆ አልወጣም አለ፤ ግቢው አልቆልፍም አለ፤ ዘሐራም ከወንበሯ ሳትነሳ ቀረች።

ወደ አድማጩ ሄደች። አድማጩ፣ አድማጩ፣ አቁምልኝ፤ ጸሐፊው ብዕሩን እንዲያነሳ፣ ፋይሉ እንዲታጠፍ፣ ጎጆ እንዲወጣ፣ ግቢው እንዲቆልፍ። አድማጩ አላቆምም አለ። የታዘዝኩት እትዬ አንጓች «በቃ» እስኪሉ እንዳዳምጥ ነው፤ በቃ አላሉም አላት። ዘሐራ ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠግታ «በቃ» አለች። አረንጓዴዋ መስመር ብድግ አለችና መልሳ ተኛች። ድምፅዋን አወፈረች፣ አሳነሰች፣ እንደ አሮጊት አንቀጠቀጠች፤ አድማጩ ወይ ፍንክች። ዳምጠው የእናቱን ድምፅ ብቻ አስለምዶታል፤ ምክንያቱም መርሳ ላይ በር እየከፈተ «በቃ፣ በቃ» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ተረቱ እንዲቋረጥ አልፈለገም። አድማጩ አላቆምም አለ፤ ጸሐፊው አላነሳም አለ፤ ፋይሉ አልታጠፍም አለ፤ ጎጆ አልወጣም አለ፤ ግቢው አልቆልፍም አለ። ዘሐራ ግን አሁን ከወንበሯ ተነሳች።

እትዬ አንጓች በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ማሽላ ያበጥራሉ። ገና ከሩቅ ሲያይዋት ፈገግ አሉ።

«ዘሐርዬ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ? ያ ኮምፒውተር የምትሉት ነገር በላሽ እኮ። ሚጢጢ ልጅ ነበርሽ፣ አሁን ደግሞ ክር ሆንሽ።»

ዘሐራ ሳቅ አለች፤ ሳቋ እዚያው ፊቷ ላይ ደረቀ። መሬት መሬት እያየች ልመናዋን አሰማች። እትዬ፣ ይምጡና ተረቱን ጨርሰው በቃ ይበሉልኝ፤ አድማጩ እንዲያቆም፣ ጸሐፊው ብዕሩን እንዲያነሳ፣ ፋይሉ እንዲታጠፍ፣ ጎጆ እንዲወጣ፣ ግቢው እንዲቆልፍ። እትዬ አንጓች ከጸሐፊውና ከፋይሉ ምንም አልገባቸውም፤ ተረቱ ግን ገባቸው።

«አልልም» አሉ። «ልጄ ሳይመጣ? ከዚያስ የሚለኝ ማን ነው? ግማሹን እኮ ለእሱ ነው ያስቀመጥኩለት። የተረቱን ልጅ ወንዝ ዳር አቁሜው ነው ልጄን የሚወስደው መኪና ጡሩምባ የነፋበት።»

ከዚያ ሰፌዳቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉና ሌላ ነገር አወሩላት። ሰሞኑን ሰዉ ሁሉ ሲያያቸው መንገድ እየቀየረ ነው፤ የጎረቤት ሴቶች እሳቸው ሲደርሱ ወሬ ያቋርጣሉ፤ አንዷም ትላንት ሰላም ስትላቸው እንባዋ መጣ። ምን አጥፍቼ ይሆን አሉ። ዘሐራ ምንም አላጠፉም ብላ፣ ሻሿን እያስተካከለች፣ ቶሎ ተነሳች።

እትዬ አንጓች የልጃቸውን መርዶ ገና አልተረዱም። ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ገበያተኛው ያውቃል፣ የባጃጁ ሹፌር ያውቃል፤ እናት ብቻ አያውቁም። እትዬ አንጓች በቃ አልልም አሉ፤ አድማጩ አላቆምም አለ፤ ጸሐፊው አላነሳም አለ፤ ፋይሉ አልታጠፍም አለ፤ ጎጆ አልወጣም አለ፤ ግቢው አልቆልፍም አለ፤ ዘሐራም መንገድ ላይ ቀረች።

ወደ ቅሬው ዳኛ ሄደች። መርሳ ላይ ሰው ሲሞት የሚያስቀብረው፣ ሐዘንተኛውን የሚደግፈው ማኅበር ቅሬ ነው፤ የቅሬው ዳኛ ደግሞ ጋሽ እንድሪስ ናቸው፤ ልብስ ሰፊ። የስፌት መኪናቸውን እየረገጡ አዳመጧት። ጋሽ እንድሪስ፣ መርዶውን ያርዱልኝ፤ እትዬ አንጓች አውቀው በቃ እንዲሉ፣ አድማጩ እንዲያቆም፣ ጸሐፊው ብዕሩን እንዲያነሳ፣ ፋይሉ እንዲታጠፍ፣ ጎጆ እንዲወጣ፣ ግቢው እንዲቆልፍ። ጋሽ እንድሪስ እግራቸውን ከመርገጫው አነሱ።

«አናረዳም» አሉ በቀስታ። «ወንድሟ ይመር ሳይመጣ አናረዳም። እንደው ልጄ፣ ደጋፊ ዘመድ አጠገቧ በሌለበት ነግረናት ብትወድቅ ማን ያነሳታል? አንቺ ለአንድ ዕቃ ትቸኩያለሽ፤ እኛ የምንፈራው ለሰው ነው።»

ዘሐራ ዕቃው አይደለም፣ ድምፁ ነው አለች። ጋሽ እንድሪስ ገባቸው፤ ዓይናቸውንም በመዳፋቸው ጠረጉ። ግን ወግ ወግ ነው። ለይመር መልእክት ከተላከ ሰንብቷል፣ ለምን እንደዘገየ እኔም አላወቅኩም፣ መልእክቱን ያደረሰውን ጥጋቡን ጠይቂው አሏት። ቅሬው አላረዳም አለ፤ እትዬ አንጓች በቃ አልልም አሉ፤ አድማጩ አላቆምም አለ፤ ጸሐፊው አላነሳም አለ፤ ፋይሉ አልታጠፍም አለ፤ ጎጆ አልወጣም አለ፤ ግቢው አልቆልፍም አለ፤ ዘሐራም መንገድ ላይ ቀረች።

ወደ ጥጋቡ ስትሄድ ዳምጠው አንድ ቀን ያሳያት ነገር ትዝ አላት። ግቢው ውስጥ ያሉት ፕሮግራሞች ልጅ ይወልዳሉ፤ ልጁ ሥራውን ጨርሶ ሲያልፍ፣ ግቢው የልጁን ስም ወዲያው አይፍቅም። ወላጁ እስኪጠይቅና እስኪሰማ ይጠብቃል። እስከዚያ ያ ስም በሰልፉ ላይ ይቆያል፤ አይበላም፣ አይሠራም፣ ልግደለው ብትል ደግሞ አይሞትም፣ ሞቷልና። ዘሐራ ያን ጊዜ ግራ ገብቷት፣ ታዲያ ምን እየጠበቀ ነው ብላ ጠየቀችው።

«መርዶ» አላት ዳምጠው፤ በራሱ አነጋገር ሳቀ።

ጥጋቡ የቅሬው ለፋፊ ነው። ሰው ሲሞት ኮረብታው ላይ ወጥቶ የሚጣራ እሱ ነው፤ ድምፁ ከመርሳ እስከ ወንዙ ማዶ ይሰማል። ዘሐራ ስታገኘው ግድግዳ ተደግፎ አገዳ ይመጥጣል። ለጋሽ ይመር ደውለህ ነበር ወይ አለችው። ደወልኩ እንጂ አላት። ምን አልካቸው?

«እህትዎን ትንሽ ጉንፋን ይዟታል፣ ሲመችዎ ብቅ ይበሉ አልኩ።»

«ጉንፋን?»

«እና ምን ልበል? በጠና ታማለች ልል ነበር፣ እንደ ወጉ። ሰው በጠና ሲባል ይገባዋል፣ እዚያው አልቅሶ ይነሳል። አፌ ላይ ሲደርስ ጉንፋን ሆነ። ዳምጤን እኮ እሽኮኮ ብዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ።»

ዘሐራ ልትቆጣ ነበር፤ ይህን ሲል ሰምታ ተወችው። እንግዲህ እንደገና ደውልላቸው አለችው። ጥጋቡ፣ እውነቱን ንገር፤ ጋሽ ይመር እንዲመጡ፣ ቅሬው እንዲያረዳ፣ እትዬ አንጓች በቃ እንዲሉ፣ አድማጩ እንዲያቆም፣ ጸሐፊው ብዕሩን እንዲያነሳ፣ ፋይሉ እንዲታጠፍ፣ ጎጆ እንዲወጣ፣ ግቢው እንዲቆልፍ። ጥጋቡ አልናገርም አለ። ሞት በስልክ አይነገርም፤ ሰውየው አውድማ ላይ ናቸው፣ ብቻቸውን ይሆናሉ፤ ከዚያም በላይ የዳምጤን ስም አንስቼ ያንን ቃል ልጨምርበት አልችልም አላት። የመርሳን ሙታን ሁሉ የጠራው ጉሮሮ በዚህ በአንዱ ላይ ተዘጋ። ጥጋቡ አልናገርም አለ፤ ይመር አልመጡም፤ ቅሬው አላረዳም አለ፤ እትዬ አንጓች በቃ አልልም አሉ፤ አድማጩ አላቆምም አለ፤ ጸሐፊው አላነሳም አለ፤ ፋይሉ አልታጠፍም አለ፤ ጎጆ አልወጣም አለ፤ ግቢው አልቆልፍም አለ።

ዘሐራም ባጃጅ ተሳፈረች። ባጃጁ መንገዱ እስካለ ድረስ ወሰዳት፤ ከዚያ በእግሯ ወንዙን ተሻገረች። ጋሽ ይመርን አውድማ ላይ አገኘቻቸው። በሬዎቹ ጤፉ ላይ ይዞራሉ፣ ጭዱ ይበናል፣ ደቦኛው ይቀላለዳል። ጋሽ ይመር መንሻቸውን ተደግፈው ከተማ የለመደች እግር ምን አመጣት እያሉ ተቀበሏት።

«እህቴ እንዴት ሆነች? ጉንፋን ነው አሉ። ለጉንፋን ደግሞ አውድማ ይፈታል? ዝንጅብል አፍልታ ትጠጣ በያት። ከልጅነቷ ጀምሮ ንፍጣም ናት።»

ደቦኛው ሳቀ። ዘሐራ እንደለመደችው ጀመረች። ጋሽ ይመር፣ ይምጡልኝ፤ ቅሬው እንዲያረዳ ልትል ነው፤ ግን ቅሬው የሚያረዳው ምንድን ነው? እዚያ ላይ ስትደርስ ሰንሰለቱ አፏ ውስጥ ተያዘ። እስከ አሁን ከሰው ሰው፣ ከቃል ቃል ስትሄድ ያችን አንዲት ቃል እሷም ዘልላት ነበር። ለግቢው አልነገረችውም፤ ጎጆ ሲጠይቃት ዋጠቻት፤ ጋሽ እንድሪስ ጋ መርዶ አለቻት፤ ጥጋቡ አልልም ሲል እሷም አላለችም። ሁሉም ቀጥሎ ያለውን ይጠብቃል፤ ቀጥሎ ያለው ደግሞ የለም። ከዚህ ወዲያ የምትሄድበት ሰው አልነበረም።

«ጋሽ ይመር» አለች፣ «ጉንፋን አይደለም። ዳምጠው ሞቷል።»

አረፈ አላለችም፤ ተለየን አላለችም። ጋሽ ይመር መንሻቸውን ቀስ አድርገው ጭዱ ላይ አስተኙት። ሳቁ ከደቦኛው ላይ እንደ ጥላ ተነሳ። በሬዎቹ ብቻ አልሰሙም፤ አንድ ሰው ሮጦ እስኪያቆማቸው ድረስ መዞራቸውን ቀጠሉ።

«ማን ጋር ነች አሁን?» አሉ ጋሽ ይመር።

«ብቻቸውን ናቸው። አያውቁም።»

«እንሂድ።»

በማለዳ ቅሬው ተሰበሰበ። ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ድምፁን ዋጥ አድርጎ በእትዬ አንጓች አጥር ዙሪያ ቆመ። ጋሽ እንድሪስ ምን ብለው እንደሚጀምሩ ሌሊቱን ሲያስቡ ነው ያደሩት። አላስፈለጋቸውም። እትዬ አንጓች በሩን ከፍተው ወንድማቸውን አዩ።

«ይመር፣ በውቂያ ጊዜ ምን አመጣህ?» አሉ።

መልሱን አልጠበቁም። በውቂያ ጊዜ ወንድምን ከአውድማ የሚያነሳ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ልጃቸው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ወደቁ፣ ጋሽ ይመር አነሷቸው፤ እንደገና ወደቁ፣ እንደገና አነሷቸው። ጋሽ እንድሪስ ልክ ነበሩ።

ቀኑ ገፋ። ድንኳን ተተከለ። ዘሐራ ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ በእንባዋ መሐል ደግሞ መንገዱን ታያለች፤ የመብራት ሠራተኛው መሰላሉን ተሸክሞ ሲያልፍ አየችው። ልትጠይቅ አትችልም። ልጇን ዛሬ የተረዳችን እናት ተነሺና ተረት ጨርሺ የሚላት ማን ነው? ድምፁ ይሂድ እንግዲህ አለች በልቧ። ጨብጣው የነበረውን እጇንም ፈታች።

ይህን ጊዜ እትዬ አንጓች ቀና አሉና በዓይናቸው ፈለጓት።

«ዘሐራ። ትላንት ተረቱን ይጨርሱልኝ ያልሽኝ ለዚህ ነበር?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እዚያ ውስጥ አለ? ድምፁ?»

«አለ። ዛሬ መብራቱ ከመሄዱ በፊት እርስዎ በቃ ካላሉ ግን አይቀመጥም።»

ሴቶቹ ሐዘንተኛ ከድንኳን አይወጣም ብለው ሊይዟቸው ሞከሩ። እትዬ አንጓች ተነሱ። እሳቸው ሲነሱ ወንድማቸው ተነሱ፤ ወንድማቸው ሲነሱ ቅሬው ተነሳ። ለቅሶው እንዳለ በመንገዱ ወርዶ ቤተ መጻሕፍቱ ደጅ ቆመ። ጠባቧ ክፍል የያዘችው ሦስቱን ብቻ ነው፤ እናት፣ ወንድምና ዘሐራ።

እትዬ አንጓች ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጡ። አረንጓዴዋን መስመር አዩ። መስመሯ ተኝታለች፤ ነጠላቸውን ሰብስበው ተጠጉ።

«ልጁ ወንዝ ዳር ደረሰ» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰንጥቋል። «ተሻገረ። ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ። ወንዙ የሚያልቅበት ቦታ ደረሰ። ውኃው አሸዋ ውስጥ ይገባል፤ ሌላ ምንም የለም። ልጁም ደክሞት ነበር፣ ተቀመጠ።»

አቆሙ። የሚቀጥለው ጠፍቷቸው ሳይሆን ከጎናቸው የሚመጣ ነገር እየጠበቁ ነው።  

«ከዚያስ?» አለች ዘሐራ።

እትዬ አንጓች ወደ እሷ ዞረው አዩአት፤ ረጅም አዩአት። ተረቱ ሲነገር እንደኖረው ቢሆን ልጁ በቅል ውኃ ቀድቶ ወደ እናቱ ይመለሳል።

«ከዚያማ እናቱ ስትጠብቀው ነበር» አሉ። «እንዳትደነግጥባቸው ፈርተው ደበቋት። ኋላ ነገሯት። በቃ።»

እትዬ አንጓች በቃ ሲሉ አድማጩ ጆሮውን ሰበሰበ። አድማጩ ሲያቆም ጸሐፊው ብዕሩን አነሳ። ጸሐፊው ብዕሩን ሲያነሳ ፋይሉ የተሸከመውን ሁሉ፣ ተረቱንም፣ በመሐል የተሰማውን ሳልም፣ እያንዳንዷን «ከዚያስ?» ጭምር፣ ይዞ ታጠፈ። ፋይሉ ሲታጠፍ ጎጆ እሳቱን አዳፈነ፣ የያዘውን ለቀቀ፣ ወደ ግቢው ብቅ አለ። ጎጆ ሲወጣ ግቢው እንደ ወጉ አንዲት ጥያቄ ጠየቀው፤ እንዴት ወጣህ ይላል ግቢ፤ የሚወጣውም በቁጥር ይመልሳል። የተሰበረ፣ የጎደለ ነገር ካለ ሌላ ቁጥር ነው። ጎጆ ዜሮ አለ። ዜሮ ማለት ሁሉንም በቦታው አስቀምጬ፣ ማንንም ሳልበድል ወጣሁ ማለት ነው። ግቢው ተቀበለ፤ በሩንም ቆለፈ። ስክሪኑ ጠቆረ። ሲያቃስት የኖረው ማራገቢያ ዝግ አለ፣ ዝግ አለ፣ ቆመ።

እትዬ አንጓች የጠቆረውን ስክሪን እያዩ ጠየቁ።

«ወጣ?»

«ወጣ፣ እትዬ።»

«በሰላም?»

ዘሐራ ስለ ዜሮው ልታስረዳቸው አሰበች። ተወችው።

«በሰላም» አለች።

እትዬ አንጓች ነጠላቸውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ በሌላኛው እጃቸው የዘሐራን ጣቶች ያዙ። እንደዚያ ተያይዘው ሳሉ የጣራው አምፖል ድርግም አለ። ደጅ ቆሞ የነበረው ጥጋቡ፣ ያ አፉ የከዳው ጥጋቡ፣ ጨለማው ሲመጣ ድምፁን ለቀቀ። ከመርሳ እስከ ወንዙ ማዶ በሚሰማ ድምፅ ዳምጠው ብሎ ጠራ፤ ያንንም ቃል ጨመረበት።

ተረቱም ከዚህ ላይ ወጣ፤ ክፍት የተወው ነገር የለም።